ጨው የሌለው ዳቦ

ጥቅምት 4

ዱባው ዛሬ ተስማማ። ትናንት ውሃ በዝቶበት ሊጡ እጄ ላይ ተልመጥምጦ ቀርቶ ነበር። ዛሬ ቀቅዬ በጨርቅ ጨመቅኩት። የገብስ ዱቄት፣ እንቁላል፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ከዑስማን ሥጋ ቤት ካመጣሁት አጥንት የወጣ መረቅ። ጨው የለም። ሽንኩርት በጭራሽ። በሻይ ብርጭቆ አፍ እየቆረጥኩ ትሪ ላይ ደረደርኩ። ውሻዬ ቡላ ኦቨኑ ፊት ተጋድማ ትጠብቃለች፤ የሚንቀሳቀሰው አፍንጫዋ ብቻ ነው።

ክረምት ላይ ቆዳዋ ተመልጦ፣ ስታክ ታድር ነበር። እኔ እኮ የምወዳት መስሎኝ ከምሠራበት ሆቴል ወጥ ቤት ፍርፋሪ አመጣላት ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ናሁሰናይ አይቷት "በበርበሬና በጨው እየገደልሻት ነው" ሲለኝ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ነው ይህን መጋገር የጀመርኩት። አሁን ጠጉሯ ያብረቀርቃል። ሆቴሉ ሲዘጋ ደግሞ ናሁሰናይ ራሱ ቡሬ ካለ፣ ብዙ ውሾች ከሚጠብቁት አንድ ግቢ ጋር አገናኘኝ፤ ብስኩቱን ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እልክላቸዋለሁ።

ጎረቤቴ እማማ ካሰች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ ለውሻ እንቁላል ሲባል ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። አንዱን ሰጠኋቸው። አኝከው አኝከው "ጨው ብቻ ነው የጎደለው" አሉ። ሁለተኛም ጠየቁ።

ጥቅምት 9

ዑስማን አጥንት አስቀምጦልኛል። እሱ ውሻ አይነካም፤ ቡላም ታውቃለች መሰል ከመብራት እንጨቱ ወዲህ አትጠጋውም። ዛሬ ግን "ጆሮዋ ሥር ያለው ቁስል ዳነ?" ብሎ ጠየቀኝ። ዳነ አልኩት።

ጥቅምት 13

ወደ ቡሬ የላኩት ከረጢት ተመለሰ። መንገድ ተዘግቷል አለ ሹፌሩ። ለሥራ ቡሬ የሄደው ናሁሰናይም እዚያው ቀረ።

ገበያው ሌላ ነገር የሚገዛ ሰው የለበትም። ሁሉም ዱቄት ይገዛል። እኔም ገዛሁ።

ጥቅምት 16

ጠዋት ቁርስ ላይ ጀመረ። መጀመሪያ ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ... ከዚያ በሁሉም በኩል። ቡላ አልጋ ሥር። እኔም አልጋ ሥር። ማን ከማን እንደሚታኮስ እዚህ አልጽፍም። ደብተር አንባቢ አያጣም።

የእማማ ካሰች በግ ተመታ። ለረጅም ጊዜ ጮኸ። የኔም ጣሪያ ተበሳ፤ በቀዳዳው የገባችው ፀሐይ ትሪው ላይ አረፈች።

ጥቅምት 18

መብራት የለም። ስልክ የለም።

ዛሬ ከአጥሩ ወዲያ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ሰው ውሃ ሲለምን ሰማሁ። የወጣት ድምፅ ነው። ማሰሮው እጄ ላይ ነበር። በሩ ድረስ ሄድኩ። ጥይቱ ግንቡን ሲልጠው ተመለስኩ። እንደገና ሄድኩ... ተመለስኩ። ማንም አልወጣም። በኋላ ድምፁ ቀረ።

ጥቅምት 19

ጋብ አለ። ወጣሁ።

ከወፍጮ ቤቱ በታች ባሕር ዛፉ ሥር ሰዎች ወድቀዋል። አንዳንዱ በደረቱ፣ አንዳንዱ ሰማይ ሰማይ እያየ። ውሾቹ መሀላቸው ናቸው። የወፍጮ ቤቱ ጥቁር ውሻ አለ፤ ዱቄት ላስፈጭ ስሄድ ሁልጊዜ በሩ ላይ የሚተኛው። አፉ እስከ ዓይኑ ድረስ ቀልቷል። ቀና ብሎ አየኝ። አወቀኝ። ጭራውን ቆላ።

ያስመለሰኝ እሱ ነው። ጭራውን መቁላቱ።

ጥቅምት 20

የሰፈራችን ቄስ አባ ገብረ ኢየሱስ ወንዶቹን ሰብስበው ሊቀብሩ ወጡ። የእማማ ካሰች ልጅ መልካሙም አለበት። ውሾቹ አልለቅ አሉ። በድንጋይ ሲሏቸው ይሸሻሉ፣ ዶማው ሲነሳ ይመለሳሉ። አንዱ ክንድ ይዞ ሲሮጥ መልካሙ ደርሶ ወገቡን በዱላ ሰበረው። በሁለት እግሩ እየተጎተተም አልለቀቀም።

አባ ወደኔ መጡ። ነጠላቸው ጭቃ ነው። በሩ ላይ ቆሙ።

"ልጄ፣ ያ ለውሻ የምትጋግሪው ነገር አለሽ?"

"ትንሽ አለኝ አባ።"

"ብዙ አድርጊው። ሰው እስኪቀበር ብቻ።"

ያለኝን ዱቄት በሙሉ አቦካሁ። ዱባ የለም፣ ካሮት የለም። አጥንቱን ቀቀልኩ። መብራት ስለሌለ በከሰል፣ በብረት ምጣድ። ዳር ዳሩ አረረ። በእንቅብ ተሸክሜ ነፋሱ ሽታውን በሚወስድላቸው በኩል ዞርኩና በከንፈሬ ጠራኋቸው። መጀመሪያ ጥቁሩ ቀና አለ። ከዚያ ሁሉም። እየቆረስኩ እየወረወርኩ ወደ ላህ ወንዝ ይዣቸው ወረድኩ። እጄን አንዱም አልነከሰኝም። ትንፋሻቸው ግን... አልጽፈውም።

ወንዙ ዳር እያለን ተኩስ ተጀመረ። መሬት ላይ ተደፋሁ። ውሾቹም አጠገቤ ተኙ። አንዷ ቀይ ጎኗን ከጎኔ አስደግፋ ትንቀጠቀጥ ነበር። እኔም እንቀጠቀጥ ነበር።

ስመለስ ተቀብረው ነበር። ከመንገዱ ዳር የነበረውም። ፊቱን አላየሁም። ሹራቡ አረንጓዴ ነበር አሉ።

ጥቅምት 22

ውሾቹ በሬ ላይ ናቸው። ሁሉም። ሲወጡ ሲገቡ ሰዎች ያዩኛል። "ሬሳ የበላ ውሻ ቀላቢ" አለችኝ አንዷ፣ ስሟን አልጽፍም፣ አብረን ማኅበር የምንጠጣ። በመስኮቴ ድንጋይ ገባ። መስተዋቱ ቡላ ላይ ረገፈ።

እማማ ካሰች ወጥተው መንገዱ መሀል ቆሙና ሬሳውን ያስቀበረችው ማን እንደሆነች እንዲያስታውሱ ነገሯቸው። ሰው ተበተነ። እሳቸው ገብተው ተቀመጡ።

ጥቅምት 28

 እንደሆነው ልጻፈው።

እማማ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ጥቁሩ ውሻ በወፍጮ ቤቱ መንገድ መጣ። እንደሰከረ ሰው ይንገዳገዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። አልጮኸም። ዘሎ ፊታቸውን ያዘ። ጀሪካኑን ጣሉ፣ በእጃቸው ገፉት፣ እጃቸውንም ያዘ። እኔ ከመድረሴ በፊት ቡላ አጥሩን ዘላ ወርዳለች። አንገቱን ነክሳ ከሳቸው ላይ ገለበጠችው። ሁለቱ አቧራው ውስጥ ሲተናነቁ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። መልካሙ ዘነዘና ይዞ ደረሰ። እየመታ፣ እየመታ... የጥቁሩ ጭንቅላት ከመሬቱ ጋር አንድ ሆኖም መምታቱን አላቆመም። እኔ ነኝ ክንዱን የያዝኩት።

የእማማ ጉንጭ ተገንጥሎ ጥርሳቸው ይታያል። በሳሙና አጠብኩት፣ ደጋግሜ፤ ናሁሰናይ ስለ እብድ ውሻ ሲያወራ የሰማሁት ይህን ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ቁስሉን ሸፈኑላቸው። ክትባቱ የለም፤ መንገድ ሲከፈት ይመጣል አሉን።

የቡላ ጆሮ ተቀዷል። እሱንም በሳሙና አጠብኩት። ከዚያ ገመድ ፈልጌ ጓሮ አሰርኳት። እስከዛሬ አስሬያት አላውቅም።

ኅዳር 1

መልካሙ ክትባት ፍለጋ በእግሩ ወደ ቡሬ ሄዶ ነበር። ዛሬ ተመለሰ። ባዶ እጁን። የፊት ጥርሶቹ የሉም፣ ጀርባው በዱላ ተልጧል። ማን እንደመታው አልጠየቅነውም። እናቱ ፊቱን ሲጠርጉለት "አሁን ሁለታችንም አንድ መልክ ሆንን" አሉ። ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ኅዳር 9

የእማማ ቁስል ጠገገ። የቡላም። ሁለቱም ይበላሉ። ምናልባት... ምናልባት ሳሙናው ሠርቶ ይሆን?

ኅዳር 20

እማማ ጉንጫቸው ውስጥ ጉንዳን እንደሚሄድ ነገሩኝ። እንቅልፍ እንቢ ብሏቸዋል።

ኅዳር 21

ውሃ እንቢ አሉ። አይደለም፤ ውሃውማ ጠምቷቸዋል። ጣሳውን ሲያዩ ጉሮሯቸው ይቆለፋል፣ መላ ሰውነታቸው ይዘላል። አባ ገብረ ኢየሱስ ጠበል ይዘው መጡ። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጠመቁበትን ጠበል ሲያዩ ጮኹ። አባ ወጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

ኅዳር 23

አረፉ። እንዲህ ዓይነት ሞት መኖሩን አላውቅም ነበር። ልጃቸው እያለቀሰ ከአልጋው ጋር አሰራቸው፤ የራሳቸውን እጅ ይነክሱ ነበር። በመሀል በመሀል ልቦናቸው ይመለሳል። ያኔ "ፍታኝ ልጄ" ይሉታል። እሱ እኔን ያየኛል። እኔ ጭንቅላቴን በእምቢታ እነቀንቃለሁ። አይፈታቸውም።

ቢፈታቸው ኖሮስ?

ኅዳር 24

ከቀብር መልስ ጎረምሶቹ ዱላ ያዙ። ያገኙትን ውሻ ሁሉ። አንዷን ቡችሎቿ ጡቷ ላይ እንዳሉ ቀጠቀጧት። ቀይዋ፣ ወንዝ ዳር ጎኗን ያስደገፈችብኝ፣ የኋላ እግሯ ተሰብሮ በሬ ላይ መጥታ ተኛች። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አልሞተችም። ወጥቼ ዓይኗን በእጄ ሸፈንኩላት። ሌላ ምን ላድርግ?

ኅዳር 25

መልካሙ መጣ። አልተቀመጠም። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"ምንድን ነው?" አልኩት፣ እያወቅኩ።

"ከሰው እጅ አይበሉም አሁን። ዱላ ሲያዩ ይሸሻሉ። ካንቺ ይበላሉ።"

"መልካሙ፣ እኔ..."

"እናቴ ስትሞት ነበርሽ" አለኝ። "እያየሽ ነበር። አንድ ሰው ደግሞ እንደዚያ ይሙት?"

  ስንቱን ውሻ ጥቁሩ ነክሶት እንደሆነ ማን ያውቃል? ክትባት የለም። ሐኪም የለም። ዱላው ግን አለ፤ ቀይዋን አይቻለሁ።

ሲወጣ ጓሮ ወዳለችው ቡላ ዞሮ አየ። እሷም አየችው። "እሷን ተያት" አለኝ። "ታስራ ትቆይ። እሷ ለእናቴ የተጣላች ናት።"

ኅዳር 26

ጋገርኩ። ዱቄቱን አባ ላኩልኝ። አጥንቱን ዑስማን ሳልጠይቀው ሰጠኝ፤ ለምን እንደሆነ ሰምቷል፤ "አላህ ያግዝሽ" ብሎ ፊቱን አዞረ።

በደንብ ነው የጋገርኩት። ዱባ ተገኝቶ ነበር፣ ጨመቅኩበት። እንቁላል አደረግሁበት። ለምን? መርዝ ለሚገባበት ሊጥ እንቁላል ለምን? ከዚህ ያነሰ ልሰጣቸው አልቻልኩም። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ቡላ ጓሮ ሆና ማልቀስ ጀመረች። የሷ መስሏት።

ኅዳር 27

ሕፃናት ሁሉ ቤት እንዲገቡ ተነገረ። እንቅቡን ይዤ ወደ ባሕር ዛፉ ሄድኩ። በከንፈሬ ጠራሁ።

መጡ። ዱላ የፈሩት፣ ሰው ሲያዩ የሚሸሹት፣ ለኔ መጡ። ጭራቸውን እየቆሉ፣ አንዳንዱ በሆዱ እየተሳበ። አንዱ ከመብላቱ በፊት እጄን ላሰኝ።

ሁሉንም አየሁ። መልካሙ ሂጂ አለኝ፤ አልሄድኩም። መርዝ እንደሚያስተኛ ነበር የማስበው። አያስተኛም። እንደ ቀስት ይለጠጣሉ፣ እግራቸው መሬቱን ይቆፍራል፣ አረፋው... እማማን አየሁ። አንድ በአንድ እማማን አየሁ። አንዱ እየወደቀ ወደኔ ነው የመጣው። ወደኔ! ማን እንደገደለው አላወቀም።

ወንዶቹ ጉድጓድ ቆፍረው ከተቷቸው። ዳቦ የተረፈውን ለቅሜ አብሬ ቀበርኩ።

ኅዳር 28

እጄን ስታጠብ ዋልኩ።

ታኅሣሥ 5

ቡላ ውሃዋን አልነካችም።

ታኅሣሥ 6

ገመዱን ነክሳለች። የታሰረችበትን እንጨት ነክሳለች፤ ድድዋ ይደማል። ስጠራት ቀና ብላ የማላውቃት ውሻ አየችኝ። አንዴ ግን፣ ለአንድ አፍታ፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ አድርጋ እንደ ድሮዋ ሆነች። ተነሳሁ። ልሄድላት ነበር። ያን ጊዜ በገመዱ ልክ ዘላ ወደ ጉሮሮዬ መጣች። ገመዱ ያዛት።

ትሪ ሙሉ የገብስ ብስኩት አለኝ። መርዝ አድርጌበት እንዴት ልስጣት? ብሰጣትስ ትውጠዋለች?

መልካሙን ጠራሁት። ጭድ ክምር ውስጥ የደበቀውን የአጎቱን ጠመንጃ አመጣ። በአንድ ጥይት ከተማ ሊረበሽ እንደሚችል፣ ቤታችንም ሊፈተሽ እንደሚችል ነገርኩት።

"እሷ በዱላ አትሞትም" አለኝ።

ከአጥሩ ላይ ነበር የተኮሰው። አንድ ጊዜ። በጓሮው ከእንኮይ ዛፉ ሥር ቀበርናት። ጠመንጃውን አስደግፎ ተቀመጠና በእናቱ ቀብር ያላለቀሰውን አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ምን ነካኝ?

ታኅሣሥ 19

ከተማው ጸጥ አለ። የሚጮህ የለም። ጅብ በጠራራ ፀሐይ ወፍጮ ቤቱ ድረስ መጣ። የአንድ ባልና ሚስት አህያ ከነጭነቷ አጋማሿን በላ። አንድ ሽማግሌ ዘበኛም ከበሩ ተጎትቷል፤ ሰዎች ደርሰው ሲያስጥሉት አንድ እግር ብቻ ቀርቶታል። አሁን ሰዎች "ውሻ ቢኖር ኖሮ" ይላሉ። ፊት ለፊቴ ይላሉ።

ጥር 2

የእማማ ካሰች ተዝካር።

ሌሊቱን አቡክቼ ጠዋት ድፎ ጋገርኩ። የሰው ዳቦ። ጨው ያለበት፣ ጥቁር አዝሙድ ያለበት፤ እሳቸው እንደሚወዱት። ከሌሎቹ ዳቦ ጎን አኖርኩት። አባ ባረኩ። ተቆረሰ። እንግዳው ሁሉ ሲበላ አየሁ። የሌሎቹ አለቀ። የኔ እንደተቆረሰ ቀረ።  ትሪው ሲዞር እጅ ወደሱ ይሄድና... ወደጎን ይላል። ማኅበርተኞቼ። ጎረቤቶቼ። ጋግሪ ያሉኝ ሰዎች።

መልካሙ አንድ ቁራሽ አነሳ። አየኝ። ኪሱ ውስጥ ከተተው።

እንቅቤን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ዑስማን ሥጋ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ። የተዝካር ነው፣ ላንተ አይሆንም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን በላሁት። ጥሩ ዳቦ ነበር።

የካቲት 30

ዳቦ እየጋገርኩ ለመሸጥ ሞከርኩ። ከሌላ ሰፈር የሚመጡ ይገዛሉ። አንድ ሰው ማንነቴን ይነግራቸዋል፤ በማግስቱ አይመጡም። ምጣዱን ሰቀልኩት።

ሚያዝያ 16

መንገድ ተከፍቷል። ናሁሰናይ መጣ። ከስቷል፣ ፂሙ ሸብቷል። ሁሉንም ነገርኩት። እንቁላል እንዳደረግሁበት ጭምር።  ከዚያ ክትባት መጥቷል አለኝ። የሰውም፣ የውሻም። ገጠር ያሉት ውሾች ግን ለእጅ አይመቹም፤ ታስረው አያውቁም። ዱላ ይዞ ማሯሯጥ ነው፤ የሚያዘው ጥቂቱ ነው።

ወዴት እየሄደ እንደሆነ ገባኝ። "አልጋግርም" አልኩት።

"እሺ" አለኝ። ቡናውን ጠጥቶ ሄደ።

ሚያዝያ 20

ምጣዱን አወረድኩ።

ግንቦት 8

ዛሬ ከቡሬ ወጣ ባለ አንድ ቀበሌ ነበርን። ናሁሰናይ መርፌውን፣ እኔ እንቅቤን። ገበሬዎቹ በየደጃቸው ቆመው ያያሉ። አንዲት ባልቴት እንቁላል አለበት ሲባሉ በአግራሞት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የሰሞኑ ዝናብ መሬቱን አርሶታል፤ እርሻ ተጀምሯል።

ውሾቹ እንደ ተኩላ ናቸው። ከሲታ፣ ጠባሳ በጠባሳ፣ ከሩቅ ጥርሳቸውን የሚያሳዩ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። በከንፈሬ ጠራኋቸው። እንደገና ጠራሁ። አንድ ግራጫ፣ ከፊት። ቆመ። አሸተተ። እያጉረመረመ ተጠጋ።

ቆረስኩ። ግማሹን አፌ ውስጥ ከተትኩ፣ አላመጥኩ፣ ዋጥኩ። እያየኝ ነበር። ከዚያ ግማሹን ዘረጋሁለት። ሲያኝክ ናሁሰናይ ከኋላ ወጋው። እንኳን ሊነክሰው፣ ዞሮም አላየውም።

ለሁለተኛውም እንደዚያው አደረግሁ። ለሦስተኛውም። ናሁሰናይ መርፌ እየቀየረ ለምን እየቀመስኩ እንደምሰጣቸው ጠየቀኝ፤ እነሱ እንደሆኑ አይገባቸውም አለኝ።

"አዎ፣ አይገባቸውም" አልኩት።

ሌላ ቆረስኩ። ቀመስኩ። ሰጠሁ። እስኪመሽ ድረስ ሆዴ ገብስ ብቻ ሆነ።